ቶሻክ የዘራውን ማን አጨደው?

ስለ ዌልሳዊው የእግር ኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ ስለ ጆን ቶሻክ የምንወያይበት ይህ የመድረካችን ክር ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ መልሶቹም 31 ደርሰዋል። ዘግይታችሁ የገባችሁ አባላት ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንዳቃታችሁ በግል መልእክት ነግራችሁኛል። ክሩን የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ፣ በራሴ ቃል አቀርበዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ አንድ ምሽት ነበር። ጁላይ 1 ቀን 2016 ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የዌልስንና የቤልጅየምን የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አየሁ። ናይንጎላን ከሩቅ አክርሮ መትቶ ቤልጅየምን ቀዳሚ ሲያደርግ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ነገሩ አለቀ ብለው ሒሳብ ጠየቁ። ከዚያ አሽሊ ዊሊያምስ የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገ። ቀጥሎ በዚያን ሰሞን ክለብ እንኳን ያልነበረው ሮብሰን ካኑ፣ ጀርባውን ለግቡ እንደሰጠ ኳሷን ወደ ኋላ ስቦ ሲዞር የቤልጅየም ተከላካዮች በአንድ ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሄዱ፤ እሱም ተረጋግቶ አገባ። ሳም ቮክስ ተቀይሮ ገብቶ ሦስተኛውን በግንባሩ ጨመረ። ዌልስ 3 ለ 1 አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ገባች።

በማግስቱ ሁሉም ስለ አሰልጣኙ ክሪስ ኮልማን ጻፈ። ከእሱ በፊት ቡድኑን ይዞ ስለነበረው ስለ ሟቹ ጋሪ ስፒድም ብዙ ተባለ፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ ስም ስጠብቅ ቀረሁ። ዊሊያምስንና ቮክስን በ2008፣ ሮብሰን ካኑን በ2010 የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለበሳቸው ጆን ቶሻክ ነው። ጋሬዝ ቤልን በሜይ 2006፣ ገና 16 ዓመት ከ315 ቀኑ ሳለ፣ ከትሪኒዳድና ቶቤጎ ጋር በተደረገው ጨዋታ ያስገባው እሱ ነው። ስለዚህ የዚያ ምሽት ቋሚ 11 ተጫዋቾች በሙሉ የቶሻክ ልጆች ናቸው፣ ምስጋናውን ግን ሌሎች ወሰዱት፤ ትስማማላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛው መልስ በሰዓቱ ደረሰ፤ በጨዋነት አረመኝም። ጸሐፊው ሐሳቤን እንደሚደግፍ ካስቀደመ በኋላ 11ዱም ማለቴ ስሕተት መሆኑን አመለከተ። ቤን ዴቪስና ጄምስ ቼስተር በኮልማን ዘመን የተጠሩ ናቸው። የቀሩትን ግን አንድ በአንድ ከነዓመታቸው ቆጠራቸው፦ ግብ ጠባቂው ሄነሲና ጉንተር በ2007፣ ሌድሊ በ2005፣ ራምሴ በ2008፣ ጆ አለን በ2009፣ ኒል ቴይለር በ2010፤ እነ ቤል፣ ዊሊያምስና ሮብሰን ካኑ ሲጨመሩ 9 ይሆናሉ። አመሰገንሁት። ከ11 ዘጠኙ መሆናቸውም የእኔን ነጥብ ከማዳከም ይልቅ የሚያጠነክር መሰለኝ፤ የሚሞግተኝ ሰው በእጁ ሊቆጥረው ይችላልና።

2ኛው መልስ የጻፈው ወጣት ቶሻክን እስካሁን ስፔናዊ አሰልጣኝ አድርጎ ያውቀው እንደነበር ተናገረ፤ 3ኛው ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ አስተዋወቀው። ቶሻክ በ1949 ካርዲፍ ተወለደ። በኖቬምበር 1965 ለትውልድ ከተማው ክለብ ተቀይሮ ሲገባ 16 ዓመት ከ236 ቀኑ ነበር፤ በዚያው ጨዋታ ሌይተን ኦሪየንት ላይ አስቆጠረ። የክለቡ ትንሹ ተሰላፊ የሚለው ክብረ ወሰን ለ41 ዓመታት ከእሱ ጋር ቆይቶ በ2007 የወሰደበት አሮን ራምሴ ነው። 3ኛው ጸሐፊ ይህን ሲያስታውስ አንድ ነገር አከለበት፤ ገና በ16 ዓመቱ ሰው አምኖት ሜዳ የገባ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲሆን የ16 ዓመት ልጅን ለማመን አይቸገርም። በ1970 ሊቨርፑል 110 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው፤ ወሩ ሳይሞላም በኤቨርተን 2 ለ 0 ሲመሩ በነበረበት ጨዋታ የአቻነቷን ግብ በግንባሩ አገባ። ሊቨርፑል 3 ለ 2 አሸነፈ።

4ኛውን መልስ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ጋሼ የተረኩት የ1973ቱን የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ሜይ 9 ምሽት አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ከቦሩሲያ ሞንሸንግላድባኽ ጋር ጀመረ፤ ቶሻክ ቋሚ ውስጥ አልነበረም። ዝናቡ በረታ፣ ሜዳው ውኃ አቆረ፣ ዳኛው በ27ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቋረጠ። አሰልጣኙ ቢል ሻንክሊ ግን በእነዚያ 27 ደቂቃዎች አንድ ነገር አይቶ ነበር፤ የጀርመኖቹ ተከላካዮች ከፍ ብላ የምትመጣ ኳስ ታስጨንቃቸዋለች። በማግስቱ ምሽት ጨዋታው እንደ አዲስ ሲጀመር ረዥሙ ቶሻክ ገባ። ግብ አላገባም። ኳስ እየዘለለ በግንባሩ ለኬቨን ኪጋን ያወርድለታል፣ ኪጋን ያገባል። ኪጋን ሁለት፣ ላሪ ሎይድ አንድ፣ 3 ለ 0። በመልሱ ጨዋታ ጀርመን ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ዋንጫውን በድምር 3 ለ 2 ወሰዱ።

ጋሼ ይህን ታሪክ ለዓመታት ለተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ እንዳደረጉት ጽፈዋል። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ካለ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ኳስ በገመድ ያንጠለጥላሉ፤ ልጆቹ ዘልለው እንዲገጩት ሳይሆን ዘልለው መሬት ላይ ወደ ተሠመረ ክብ እንዲያወርዱት ያዝዛሉ። ግብ የሚያገባውን ሁሉም ያጨበጭብለታል፣ ለጓደኛው የሚያወርደውን ግን አሰልጣኝ ብቻ ያየዋል የሚል ነበር ትምህርታቸው። ቶሻክ በአሰልጣኝነቱም ያው ሰው ሆኖ ቀረ ብለው መልሳቸውን አበቁ። ከጻፍሁት መነሻ ይልቅ ይህ የእሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩን እንደሚገልጸው አምናለሁ።

5ኛው መልስ ቀለል ያለ ነው። የቶሻክና የኪጋን መናበብ እጅግ ከመግረሙ የተነሣ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሁለቱ ሐሳብ ለሐሳብ ይነባበቡ እንደሆነ ፈተናቸው፤ አንዱ ካርድ ይይዛል፣ ሌላው ሳያይ ይገምታል። ቶሻክ ደጋግሞ በትክክል ገመተ፤ ሰዉ ጉድ አለ። ቆይቶ ግን ካርዶቹ በካሜራው መስታወት ላይ ሲንጸባረቁ ይታዩት እንደነበር ራሱ ተናገረ። ጸሐፊዋ በዱባይ የምትኖር የሊቨርፑል ደጋፊ ናት፤ የተፈተነው ብልሃት ውሸት ቢሆንም ሜዳ ላይ የነበረው ግን እውነት መሆኑን 96 ግቦቹን ጠቅሳ ተሟገተች። ሦስት የሊግ ዋንጫ፣ አንድ የኤፍ ኤ ዋንጫ፣ ሁለት የዩኤፋ ዋንጫ ከሊቨርፑል ጋር እንዳነሣም አስታወሰች። በ1974 ለሌስተር ሊሸጥ ተስማምተው የጤና ምርመራውን ባለማለፉ የቀረ ሰው መሆኑን ስታክልበት ብዙዎቻችን ተገረምን። ያ ምርመራ ቢሳካ የ1976ቱ ዋንጫ ያለ እሱ ይሆን ነበር፤ ዋንጫው በተወሰነበት የመጨረሻ ጨዋታ ዎልቭስን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ካስቆጠሩት ሦስቱ አንዱ እሱ ነበርና።

በ6ኛው ላይ አንድ አባል ዌልስ የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ሆና ሳለ ለምን ለብቻዋ ትጫወታለች ብሎ ጠየቀ። 7ኛው በቁጣ መለሰለት፤ ጥያቄውን የንቀት አድርጎ ወስዶት ነበር። የዌልስ ፌዴሬሽን ከ1876 ጀምሮ ያለ፣ በዓለም ላይ ሦስተኛው አንጋፋ ፌዴሬሽን መሆኑን ከነገረው በኋላ ወደ 1977 ወሰደን። ዌልስና ስኮትላንድ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አንፊልድ ላይ ተገናኙ። ቶሻክ ከፍ አድርጎ የላካትን ኳስ የስኮትላንዱ ግብ ጠባቂ አለን ራፍ በጣቱ ጫፍ ነክቶ አግዳሚው ላይ አስመታት። ቆይቶ ኳሷን በእጁ የነካው ስኮትላንዳዊው ጆ ጆርዳን ሆኖ ሳለ ፍጹም ቅጣት ምቱ ለስኮትላንድ ተሰጠ። ዌልስ ቀረች። ቶሻክ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1979 ካርዲፍ ላይ ስኮትላንድን ብቻውን ሦስት አግብቶ 3 ለ 0 ቀጣ። የ6ኛው ጸሐፊ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያልጠየቀው ግን የጮኸበት ነበር። አለማወቅ ስድብ አይገባውም ብዬ በዚያው ጽፌያለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

8ኛው መልስ የመጣው ስዋንሲ ከተማ ከሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። ቶሻክ በ1978 መጀመሪያ፣ በ28 ዓመቱ፣ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ስዋንሲን ሲረከብ ክለቡ አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት አደገ። በ1979 ከቼስተርፊልድ ጋር በነበረው ወሳኝ ጨዋታ ራሱን ቀይሮ አስገብቶ የማሸነፊያዋን ግብ በግንባሩ አገባ፤ ደግሞ አደገ። ሜይ 1981 ፕሬስተንን 3 ለ 1 አሸንፎ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። ከአራተኛ ወደ አንደኛ፣ በአራት የውድድር ዓመት። በነሐሴ መጨረሻ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በጠባቡ ቬች ፊልድ ሜዳ ከሊድስ ጋር አድርገው 5 ለ 1 አሸነፉ፤ ከኤቨርተን የመጣው ቦብ ላችፎርድ ሦስት አገባ፣ የከተማው ልጅ ጄረሚ ቻርልስ የመጀመሪያዋን። ዓመቱን 6ኛ ሆነው ጨረሱ። የስዋንሲው ወገናችን ከተማው ውስጥ ሽበት ያላቸው ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲናገሩ ልጃቸው የተወለደበትን ቀን የሚናገሩ ያህል ፊታቸው እንደሚበራ ጽፏል።

9ኛው መልስ ግን ድግሱን ቀዝቀዝ አደረገው፤ ይህን ሰው የሒሳብ ባለሙያ እንደሆነ ስለማውቅ አልደነቀኝም። ከ6ኛ ደረጃ ማግስት ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። በ1983 ወረዱ። በ1984 ቶሻክ ተሰናበተ፣ ክለቡም ደግሞ ወረደ። በ1985 መጨረሻ ክለቡ በዕዳ ምክንያት እንዲዘጋ ፍርድ ቤት እስከ መወሰን ደረሰና በመጨረሻ ሰዓት ተረፈ። በልምድ ለተሞሉ ተጫዋቾች የተከፈለው ደመወዝ ከክለቡ ገቢ በላይ ነበር፤ ቶሚ ስሚዝ፣ ካላሃን፣ በኋላም ሬይ ኬኔዲ ከሊቨርፑል የመጡት ሁሉ ጉልበታቸው ከሄደ በኋላ ነው። ታዲያ ወጣት አማኙ ቶሻክ የት ነበር አለ። ይህ ተገቢ ክርክር ነው። የመለሰለት ሰው የለም፣ እኔም ያን ቀን አልመለስሁም።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ያሉት መልሶች በአንድ ሸሚዝ ላይ ተከራከሩ። ሻንክሊ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1981 ሞተ። ከአራት ቀን በኋላ ስዋንሲ ሊጫወት የሄደው አንፊልድ ነበር። ለኅሊና ጸሎት ቡድኖቹ ሲሰለፉ ቶሻክ የለበሰውን ቱታ አወለቀ፤ ከውስጥ የሊቨርፑል መለያ ነበረው። የሌላ ክለብ አሰልጣኝ ሆኖ በተቃራኒው መለያ ቆመ። 10ኛው ጸሐፊ ይህን ከአድናቆት ጋር አቀረበው። 11ኛው ተቆጣ፤ ከስዋንሲ ድረስ መንገድ አቋርጦ የመጣ ደጋፊ አሰልጣኙን በሌላ ክለብ ቀለም ሲያይ ምን ይሰማዋል፣ ሐዘንን ጥቁር ክር እጅ ላይ አስሮ መግለጽ አይቻልም ነበር ወይ አለ። 12ኛዋ የዱባይዋ እህታችን ናት፤ ልቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው የሚለብሰው ለጎረቤቱ ሳይሆን ለሟቹ ነው ብላ መለሰችለት። ሻንክሊ ከካርዲፍ ያመጣው፣ በዝናቡ ማግስት ያሰለፈው ሰው ነው፤ አባት ነው። ጨዋታውም 2 ለ 2 ተጠናቀቀ፤ ስዋንሲን አልጎዳውም። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ።

ስለ ስፔኑ ዘመን በሰፊው የጻፈው 13ኛው ነው። ቶሻክ ሪያል ሶሲዳድን ይዞ በ1987 አትሌቲኮ ማድሪድን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የንጉሡን ዋንጫ አነሣ። በ1989 ሪያል ማድሪድ ወሰደው፤ በመጀመሪያው ዓመት 107 ግብ አስቆጥሮ ላሊጋውን በላ። ከእነዚህ 38ቱ የሁጎ ሳንቼዝ ነበሩ። ያ የግብ ብዛት ክብረ ወሰን እስከ 2012 ድረስ አልተነካም። ሆኖም በኖቬምበር 1990 አባረሩት። በ1999 ደግሞ ጠሩት፤ ያኔ ነው ሴፕቴምበር 12 ቀን ቢልባኦ ላይ የ18 ዓመቱን ኢከር ካሲያስን ለመጀመሪያ ጊዜ ግብ ላይ ያቆመው። በዚያው መኸር ግብ ጠባቂዎቹን በአደባባይ ተችቶ፣ ቃሉን እንዲያነሣ ሲጠየቅ አሳማ በስታዲየሙ ላይ ሲበር ይታይ ይሆናል እንጂ እኔ ቃሌን አልመልስም የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተናገረ። ተባረረ። ዴል ቦስኬ ተተካ፤ በሜይ 2000 ፓሪስ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆኑ ግብ ላይ የቆመው ካሲያስ ነበር። 13ኛው ጸሐፊ የሻቢ አሎንሶንም ታሪክ አልረሳም። በ2001 መጀመሪያ ሶሲዳድ በደረጃው ግርጌ ሲንገታገት ቶሻክ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ የ19 ዓመቱን ልጅ ኤይባር ከነበረበት ውሰት አስጠርቶ የአምበልነቱን ጨርቅ ክንዱ ላይ አሰረለት። ሶሲዳድ በ2003 ሁለተኛ ሲወጣ አሰልጣኙ ሌላ ሰው ነበር። አሎንሶም ከዓመት በኋላ ቶሻክ ወደ ተጫወተበት ሊቨርፑል ሄደ።

14ኛው መልስ ግን ዘንዶ ነበር። ጸሐፊው ሁላችንንም ጣዖት አምላኪዎች ብሎ ጀመረ። ቶሻክ ዌልስን ከ2004 እስከ 2010 ለስድስት ዓመታት ይዞ ለአንድም ውድድር አላሳለፈም። በ2006 ካርዲፍ ላይ በስሎቫኪያ 5 ለ 1 ተቀጥቅጧል፣ በ2007 በቆጵሮስ 3 ለ 1 ተሸንፏል። ከሮቢ ሳቬጅ ጋር ተጣልቶ ተጫዋቹ ብሔራዊ ቡድኑን ትቶ ሄዷል። ያኔ ተጫዋች የነበረው ስፒድ ከብሔራዊ ቡድኑ ቀድሞ ወጥቷል፣ ጊግስ በ2007 ተሰናብቷል። ታዲያ ልጆቹን ያሰለፈው አምኖባቸው ሳይሆን ሰው አጥቶ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው የሚያስተናግደው ያለውን ነው አለ። በ1994ም ሶሲዳድን እያሰለጠነ ዌልስን በትርፍ ሰዓቱ ይዞ፣ በኖርዌይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ጥሎ የሄደ ሰው መሆኑን አልረሳም። አንዲትም የምስጋና ቃል አልነበረችበትም፤ የጠቀሳቸው ውጤቶች ግን ሁሉም እውነት ናቸው።

15ኛው በስድብ መለሰ። የመድረኩ ኃላፊ ያንን መልስ ስላነሣው ስለ እሱ አልተርክም። 16ኛው በስሎቫኪያ 5 ለ 1 የተሸነፈው ያው ቡድን በዓመቱ ስሎቫኪያ ድረስ ሄዶ 5 ለ 2 ማሸነፉን አስታወሰ። 17ኛው የ21 ዓመት በታች ቡድኑን የያዘው ብሪያን ፍሊን ነበርና ከምስጋናው ትልቁ ድርሻ ለእሱ ይገባል ሲል ሞገተ፤ ልጆቹን እየመለመለ ወደ ላይ ያቀረባቸው እሱ ነውና ይህ ትክክል ነው። 18ኛዋ ደግሞ ጋሪ ስፒድን እንዳንረሳ በብዙ ሐዘን ጻፈች። ስፒድ በ2010 መጨረሻ ተረክቦ ገና የ20 ዓመቱን ራምሴን አምበል አደረገ። ከመጨረሻዎቹ አምስት ጨዋታዎቹ አራቱን አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ኖርዌይን 4 ለ 1 የረቱባት ነበረች። ከ15 ቀን በኋላ አረፈ። እሷ እንደምትለው ቶሻክ ልጆቹን ሰበሰበ፣ ስፒድ ደስታና ሥርዓት ሰጣቸው፣ ኮልማን ደግሞ በሐዘን የተሰበሩትን አቆማቸው። ከዚህ መልስ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

19ኛው የእኔ ነው፤ ለ9ኛውና ለ14ኛው በአንድነት መለስሁ። ቶሻክ ሰው አጥቶ ነው ወጣቶችን ያሰለፈው የሚለውን እቀበላለሁ። ማድሪድም ግብ ጠባቂዎች ተጎድተውበትና ተበላሽተውበት ነበር፣ ሶሲዳድም መጨረሻ ላይ ነበር፣ ዌልስም ባዶ ነበር። ጥያቄው ሲጨንቅህ ወዴት ትሮጣለህ የሚለው ነው። አብዛኛው አሰልጣኝ ሲጨንቀው ወደ ልምድ ይሮጣል፤ ቶሻክ ራሱ በ32 ዓመቱ ስዋንሲ ላይ እንዲያ አድርጎ ዋጋውን አይቷል። በ51 ዓመቱ ግን ግርጌ ላይ ያለ ቡድን ለ19 ዓመት ልጅ አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ሀገር ለ16 ዓመት ልጅ። ሰውየው ከራሱ ስሕተት ተምሯል ብዬ አምናለሁ። የ14ኛው ጸሐፊ ግማሹን እንደሚቀበል ጻፈ፤ ስድቡን ግን አላነሣም።

20ኛው መልስ አንድ ማንም ያላሰበውን ነገር አመጣ። በ1989 ቶሻክ የተቀበለው ማድሪድ በቤንሃከር ሥር ሦስት ተከታታይ ሊግ የበላ ቡድን ነው። እነ ቡትራጌኞ፣ እነ ሚሼል፣ እነ ሳንቼዝ ሌላ ሰው ያበሰላቸው ነበሩ። ስለዚህ እሱም በአንድ ወቅት የሌላውን ማሳ አጭዷል። ይህን ካነበብሁ በኋላ የመነሻ ጽሑፌ ርእስ ላይ የጥያቄ ምልክት ማድረጌ ደስ አለኝ።

21ኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ወደ እኛ አህጉር መለሰን። ቶሻክ በ2014 ካዛብላንካ ሄዶ ዊዳድን በመጀመሪያው ዓመት የሞሮኮ ሻምፒዮን አድርጓል። በ2016 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያስቀረው የወቅቱ የአህጉሩ ባለ ዋንጫ ቲፒ ማዜምቤ ነበር፤ በቀጣዩ ዙር ማዜምቤን ያሰናበተው የቶሻክ ዊዳድ ነው። ይህ ደጋፊ ባሕር ዳር ስታዲየም ገብቶ ማዜምቤን በዓይኑ አይቶት ነበርና ዊዳድ ሲጥለው የራሱ ቡድን የበቀለ ያህል እንደተሰማው ጻፈ። ዊዳድ ግን በግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ግብፅ ላይ በዛማሌክ 4 ለ 0 ተረታና ቶሻክ ተባረረ። በመልሱ ያለ እሱ 5 ለ 2 አሸንፎ በአንዲት ግብ ልዩነት ቀረ። በዓመቱ በ2017 በአሙታ አሰልጣኝነት ዋንጫውን ወሰደ። አሁንም ሌላ ሰው።

ከ22ኛ እስከ 28ኛ ክሩ ከዌልስ ወጥቶ ወደ ሀገራችን ሜዳ ገባ፤ ብዙው ሮሮ ነው። ከዚያ መካከል 24ኛውን ብቻ ላንሣ። ጸሐፊው በአንድ የክልል ከተማ የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነበር። በአንድ ወሳኝ ጨዋታ የ15 ዓመት ልጅ በግራ መስመር አሰለፈ። ልጁ የሰው ጫማ ነበር የተጫማው፤ ሰፍቶት ከፊቱ ካልሲ ጠቅጥቆበት ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ኳስ አበላሸ። የቡድኑ ኃላፊ ከመቀመጫው ወርዶ እንዲያስወጣው አዘዘው፤ እምቢ አለ። ተሸነፉ፣ በሳምንቱም አሰልጣኙ ሥራውን ለቀቀ። ልጁ አሁን የት እንዳለ አያውቅም። የቶሻክን ታሪክ ሲያነብ ያስለቀሰው ካሲያስ ወይም ቤል ሳይሆን፣ አሎንሶ ክንድ ላይ የታሰረው ጨርቅ መሆኑን ጽፏል። ጋሼ በ25ኛው ላይ ልጄ ብለው ጠርተውት በእሳቸው ጊዜም ያው እንደነበር ነገሩት፤ ስልክ ቁጥራቸውንም በግል እንደላኩለት አውቃለሁ።

29ኛው አንድ የረሳነውን አስታወሰ፤ ኮልማን በ2007 ሪያል ሶሲዳድን ያሰለጠነው በቶሻክ ጥቆማ ነው። 30ኛው ይህን ሲያነብ ከመጀመሪያ ጀምሮ ተቃዋሚ እንደነበረና አሁን እንደተረታ ጻፈ።

31ኛው የስዋንሲው ወገናችን ነው። ከ8ኛው መልሱ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ድሮው ቬች ፊልድ ሄደ። ክለቡ በ2005 ለቅቆት ስታዲየሙ ከፈረሰ በኋላ ቦታው የሰፈሩ ሰዎች የጓሮ አትክልት የሚያለሙበት ሆኗል። ጎመንና ድንች በተሠመሩ መደቦች ላይ በቅሏል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይኮተኩቱ ነበር። በሊድሱ ጨዋታ ቀን እዚህ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ጓንታቸውን አወለቁ፤ ከዚያ መደቦቹን ተሻግረው ወስደውት፣ ያን ቀን ከአባታቸው ጋር ቆመው ያዩበትን ቦታ በመኮትኮቻው ጫፍ መሬት ላይ አሠመሩለት።